አንሶላውን አታጥኚው

እቲዳል፣

የፖርት ሱዳን ወበቅ ችፌዬን ስላባሰብኝ እናቴ ዘንድ ከሰላ ሄጃለሁ። ሳልቀሰቅስሽ የወጣሁት አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ነው፤ ሌላ ነገር አታስቢ።

የችፌ ቅባቴን ከራስጌሽ ትቼልሻለሁ። ማታ ለብ ባለ ውሃ ታጠቢና ገላሽ ሳይደርቅ ተቀቢው። ጥፍርሽን ቁረጪ። የጥጥ ካልሲ እጅሽ ላይ አጥልቀሽ ተኚ።

አንሶላውን ግን በሰንደል ጭስ አታጥኚው። "ሌሊት የሚቧጭረው ጂኒ ካንቺ ጋር ነው ወደ ክፍላችን የመጣው" እያልሽ አልጋዬን ባጠንሽው ቁጥር ቆዳዬ ሲቆጣ ያድር ነበር። ጠዋት ደግሞ "እንግዳሽ ዛሬም እንቅልፍ ነሳኝ" ትይኛለሽ። እኔም እያከክሁ አስቸገርኳት ብዬ ይቅርታ እጠይቅሽ ነበር። እናትሽ ከሞቱ ወዲህ እንቅልፍሽ እንደተረበሸ ስለማውቅ ክፉ አልመለስኩልሽም።

ትናንት ማታ ካልሲ በሁለቱም እጄ ላይ አጥልቄ ተኛሁ። ምንም አላከክሁም።

የመቧጨሩ ድምፅ ግን መጣ።

ፈርቼ መብራት አበራሁ። አንቺ ድብን ያለ እንቅልፍ ላይ ነበርሽ። ክንድሽን ትቧጭሪያለሽ፤ አንሶላሽ ደም ነክቶታል።

ልቀሰቅስሽ አስቤ ነበር። ግን መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ።

ዛሬ ማታ እኔ የለሁም። ድምፁን ከሰማሽ ጭሱን ተዪውና ጥፍርሽን እዪ።

ሲትና