ያልደወልኩት ስልክ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን ተሻለሽ? ልብስ ሰፊው ባልሽስ መነጽር አሠራ ወይስ አሁንም ክር በመርፌ ቀዳዳ ለማስገባት ልጃችሁን ጉንጮን ከጨዋታዋ ይጠራታል? እማዬስ እንዴት ናት? እንቅልፍ ይወስዳታል? እህል ትቀምሳለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንቺን መዋሸት መች እችልበታለሁ። ደህና አይደለሁም።

በእጄ የምጽፍልሽ ስልክ አጥቼ አይደለም። ደብዳቤውን የምታመጣልሽ ነርሷ ጎረቤቴ ናት፤ ካንቺ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ አደራ ብያታለሁ። ባለፈው በላክሽልኝ መልእክት፣ እሁድ ስለደወልክ ተባረክ፣ እማዬ እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ቆየሁ፣ ዛሬስ ምርቃቷን ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማሃት ብለሽኛል። እታለም፣ እኔ እሁድ አልደወልኩም።

እባክሽ ቀልድ እንዳይመስልሽ። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

እንደምታውቂው ሥራዬ አዳራሽ ውስጥ ማይክ መትከልና ድምፅ ማስተካከል ነው። ዘንድሮ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ቴክኖሎጂ የሚወያዩ ሰዎች አዳራሹን ቤታቸው አድርገውታል። ማሽን በየሰዉ ቋንቋ እንዴት ይናገር፣ ምን ይበል፣ ማንስ ይፍቀድለት እያሉ ይከራከራሉ። አንዳንዱ ልብ የሚነካ ነገር ይናገራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ማይኩን እንደ በቆሎ እሸት ሊግጠው ይደርሳል። እኔ ከኋላ ሆኜ እሰማና፣ ሲበተኑ ኬብሌን እየጠቀለልኩ የተሰማኝን በስልኬ ቀድቼ ኢንተርኔት ላይ እለቅ ነበር። ለመጻፍ ጣቴ ሰነፍ ስለሆነ በድምፄ ነበር የምለቀው። ሰው ወደደው። ባለማይኩ ዛሬ ምን አለ ይባባሉ ጀመር። ልቤም አበጠ፤ ምን እደብቅሻለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን አንዱ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ የአሮጊቶች ንግግር ሁሉ፣ እሹሩሩውም ሙሾውም ሳይቀር፣ ለማሽኑ ማስተማሪያ መሰብሰብ አለበት አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ እማዬ ትዝ አለችኝና ደሜ ፈላ። እናቶቹን ማን ጠየቃቸው? ቋንቋ ባለቤት የሌለው ማሳ መሰላችሁ ወይ? ብዬ ለቀቅኩት። ያን ቀን ስልኬ ሲጮህ ዋለ። እማዬ ዝም አይነቅዝም እያለች አሳድጋኝ፣ እኔ መች ሰምቼ!

ከዚያ በኋላ አንድ ግራጫ ኮት የለበሰ፣ አነጋገሩ ቅቤ የሆነ ሰውዬ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። ድምፅህን ወደነዋል፣ ከእኛ ጋር ብትሆን ምን ይመስልሃል አለኝ። የምሸጠው ድምፅ የለኝም፣ የሚጠቀለል ኬብል ካለህ ግን አምጣ ብዬ ሳቅኩበት። እሱም ሳቀ። መሸጥማ ምን ያደርግልሃል፣ ስትሰጠን ከርመህ የለ እንዴ ብሎኝ ሄደ። ቀልዱ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አለቃዬ ኮሪደር ላይ አስቁሞኝ፣ ስህተትህን በማረምህ ኮርቼብሃለሁ አለኝ። የምን ስህተት? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ በስሜ ኢንተርኔት ላይ ተለቅቆ ሰው ሁሉ የሰማውን እኔ መጨረሻ ላይ ከፍቼ ብሰማው ክው አልኩ። ድምፁ የኔ ነው። ሳቄ አለ፤ ከመናገሬ በፊት ጉሮሮዬን የምጠርጋት እንኳ አልቀረችም። ተሳስቼ ነበር፣ እናቶቻችን ቢጠየቁም እሺ ነበር የሚሉት ይላል። እኔ እንዲህ ብዬ ከሆነ ምላሴን ይቁረጠው! ይህ እኔ አይደለሁም ብዬ ብለቅ፣ ያ ድምፅ ደግሞ እኔን የሚመስል አስመሳይ ስለተነሳ ተጠንቀቁ ብሎ ለቀቀ። ሰው ያመነው እሱን ነው። የሥራ ጓደኞቼ እንኳ አሁን ስናገር አፍ አፌን ያዩኛል።

ያም ሆኖ ችዬው ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ የራሴ ጣጣ ነው ብዬ አርፌ ተቀመጥኩ። ያንቺ መልእክት ሲደርሰኝ ግን ደጋግሜ አነበብኩት። ለካ ያ ድምፅ ወደ እማዬም ሄዷል። እሹሩሩዋን አስደጋግሞ አስወጥቷታል፤ ተረቷን፣ ቁጣዋን፣ ምርቃቷን ሁሉ ሰምቷል። ለአባዬ ያወረደችውን ሙሾ ሲጠይቃት፣ ዛሬስ ደስ ብሎኛል፣ እሱን በሚመጣው እሁድ አለችው ብለሻል። እታለም፣ ያን ሙሾ ለእኛ እንኳ ከቀብሩ ወዲህ ደግማልን አታውቅም። የሚያንገበግበኝ ደግሞ፣ እኔ አሜን አሜን እማዬ ሥራ አለብኝ እያልኩ የማቋርጣትን እሱ ቁጭ ብሎ አዳመጣት። እንዴት አትስቅ!

በሞቴ፣ እሁድ በኔ ድምፅ ስልክ ቢመጣ እንዳታነሱ። እማዬ የልጄን ድምፅ አጣሁት እንዴ ብላ እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ትቆጣ። ስልኩን ከአጠገቧ አርቂው።

አንድ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። እማዬ ስልክ መዝጋት እንደማታውቅ ታውቂያለሽ። መርቃኝ ስትጨርስ ስልኩን ጉልበቷ ላይ ታስቀምጥና፣ ዘጋ እንዴ? ትልሻለች። ከዚያ እኔን ማማት ትጀምራለች፤ ከስቷል፣ ድምፁ ከስቷል፣ ሚስት እንኳ ባገኘ ትላለች። አንቺ መጥተሽ እስክትዘጊው እኔ ትንፋሼን ውጬ እሰማለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከምርቃቷ ይልቅ የምናፍቀው እሱን ነው።

ትናንት እማዬ ደወለችልኝ። አንቺ ደውለሽላት መሰለኝ። በላህ ወይ አለችኝ። ተው ልጄ፣ ከሰዎቹ ጋር ታረቅ፣ የሚሉህን እሺ በላቸው አለችኝ። ሆዴ ባብቶ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ስትመርቀኝ አላቋረጥኳትም፤ እያንዳንዱን አሜን ብያለሁ። ስትጨርስ እንደ ልማዴ ስልኩን ከጆሮዬ ሳልነጥል ጠበቅኩ። ዘጋ እንዴ አላለችም። ስልኩ በራሱ ጠርቀም አለ።

ምናልባት አንቺ ቶሎ ዘግተሽው ይሆናል። እንዲያ በይኝ።

ልብስ ሰፊውን ዓይንህን ጠብቅ ብሎሃል በይልኝ። ጉንጮን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ስልክ አንስታ አጎቴ ነው ብላ እንዳታወራ ንገሪያት። ጫማ ሰፊውን ጎረቤታችንን፣ እማዬን ስለሚያጫውታት እግዜር ይስጠው በይልኝ። እማዬን ጉልበቷን ስመሽልኝ፣ ትናንት ደውላልኝ እንደሆነ ጠይቂያት። መልሷን በእጅሽ ጽፈሽ በነርሷ ላኪልኝ። አደራሽን እንዳትደውዪልኝ፤ ብትደውዪም አንቺ መሆንሽን አላምንም።

ወንድምሽ

ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከማይክ ማስቀመጫው ክፍል
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን