ጠያቂ ያጣ ትኩሳት፦ የአቶ ጌጡ ወልዱ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጌጡ ወልዱ ከአባታቸው ከአቶ ወልዱ ተሰማና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺ መንገሻ በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. በጉለሌ፣ ከቁስቋም ማርያም ቁልቁል ባለው ሰፈር ተወለዱ። ስምንተኛ ክፍል ሳሉ ልብስ ሰፊው አባታቸው ሰውነታቸው አብጦ በአርባ ሁለት ዓመታቸው ስላረፉ፣ ትምህርታቸውን አቋርጠው በአዲሱ ገበያ የአባታቸውን ሱቅ ተረከቡ።

የወረሱት ግን መቀስና የስፌት መኪና ብቻ አልነበረም። አባታቸውን ያነድድ የነበረው ትኩሳት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እርሳቸውንም እየተመላለሰ ይጥላቸው ነበር። ሆድ እየቆረጠ፣ ዐይን እያሳበጠ፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት አንገላትቶ እንደ አመጣጡ ይሄዳል። ወባ በማያውቀው በእንጦጦ ግርጌ ወባ ተባለ፤ ምች ተባለ፤ ታይፎይድም ተባለ።

የታመመን መጠየቅ ወግ ነው፤ ዘወትር የሚታመመውን ግን ማን ይጠይቃል? ጎረቤት መጀመሪያ ብርቱካን ይዞ ይመጣ ነበር፤ ኋላ ባዶ እጁን፤ ከዚያም ቀረ። ደንበኞች ሱቁን ተዘግቶ ሲያገኙት «ጋሽ ጌጡ ዛሬም ተረኛ ናቸው» እያሉ ይሣሣቁ ነበር። እርሳቸውም ሲሻላቸው አብረው ይሥቁ ነበር።

በ1993 ዓ.ም. ወ/ሮ ናዝሬት በቀለን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ሴት ልጃቸውን ሮሐን ወለዱ። ባለቤታቸው በ2004 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ግንባራቸውን የሚዳስስ እጅ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ ትኩሳቱ ሲጀምራቸው በራቸውን ከውስጥ መዝጋት ለመዱ።

በ2009 ዓ.ም. ያው ትኩሳት ሮሐን ጣላት። መምህራኗ ትምህርት ጠልታ ነው ሲሉ፣ አባቷ ሱቃቸውን ዘግተው አልጋዋ አጠገብ ተቀመጡ፤ «እኔ ዐውቀዋለሁ፣ ልጄ» አሏት። ከሐኪም ሐኪም ይዘዋት ዞሩ። በ2012 ዓ.ም. አንዲት ሐኪም የሁለቱንም ደም ለምርመራ ወደ ውጭ አገር ላከች። ውጤቱም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሻገር የአንድ ዘረ-መል እክል መሆኑን ገለጠ፤ የሰውነት ዘብ ጠላት ሳይመጣበት የገዛ ቤቱን የሚያቃጥልበት ብርቅ ደዌ ነው። አቶ ጌጡ ሕመማቸው ስም በማግኘቱ ደስ ቢላቸውም፣ ለልጃቸው ያወረሱት እርሳቸው መሆናቸውን መስማቱ አንገበገባቸው።

ቃጠሎውን የሚያበርደው መርፌ ለሮሐ በጊዜ ደረሰላት፤ መድኃኒቱ ከአገር ሲጠፋ ግን ያገረሽባታል። የእርሳቸውን ኩላሊት ደዌው አስቀድሞ ጨርሶት ስለነበር፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በስድሳ ዓመታቸው፣ እጃቸው በልጃቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ። ከልጃቸው ሌላ እኅታቸው ወ/ሮ ሳቢት ወልዱ በሕይወት አሉ።

ዛሬ ደጃቸው በሰው ተሞልቷል። እንዲህ እንደሚሆን ዐውቀው ይህን ተናዝዘዋል፦ «ለተዝካሬ አትድከሙ። ሮሐን ያተኮሳት ቀን ኑ፤ ባዶ እጃችሁንም ቢሆን ኑ።»

አምላከ አብርሃም የነደደች ነፍሳቸውን በለምለሙ መስክ፣ በዕረፍት ውኃ ዘንድ ያሳርፍልን። አሜን።