የጡብ ፋብሪካው ደመወዝ የጨመረ ሰሞን

ጥር 6

እንደ ሁልጊዜው። አንድ ኮት ገለበጥኩ፣ ሁለት ሱሪ ጣፍኩ። የጡብ ፋብሪካ ሠራተኛ ኮት ሲነጣበት አይጥልም፤ ለእኔ ያመጣል። ስፌቱን እፈታለሁ፣ ፀሐይ ያላየውን የውስጥ ፊቱን ወደ ውጭ አዞርና እንደገና እሰፋዋለሁ። ነፍስ ይዘራል። የሚያሳብቅበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በግራ ደረት የነበረው ኪስ ወደ ቀኝ ይዞራል። በዚህ ሰፈር ኪሱ በቀኝ ያልሆነ ወንድ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

ከሰዓት ዳቦ ጋጋሪዋ መጣች። ጎረቤቴ ናት፣ አንድ ግድግዳ ነው የሚለየን። በሩ ላይ ቆመች። ምድጃዋን ልትሸጥ ነው። ሱቋን ዘግታ ልጇ ወዳለችበት ከተማ ልትሄድ...

"ሰው የትናንቱን በግማሽ ዋጋ ይጠብቃል እንጂ የዛሬውን አይገዛም፣ ጋሼ። ትኩሱን ለማን ልጋግር?"

"መልካም" አልኳት።

መልካም? ሌላ ቃል ጠፍቶ?

ጥር 9

ሠራተኞቹ ደመወዝ ይጨመርልን ብለዋል አሉ። የነገረኝ ጡብ ተሸካሚው ነው፣ ከቁመቱ የተነሳ "ማማ" የሚሉት። ሱሪውን ሊወስድ መጥቶ።

የማውቀውን ነገርኩት። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የተማርኩት ጨርቅ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። ግን ዕድሜ ልኬን አንብቤአለሁ። ለድሃ ደመወዝ ሲጨመር ዕቃ ይወደዳል፤ አለቀ። ኪሱ የሞላ ሰው ደግሞ ኮት አያስገለብጥም፣ ተሰፍቶ የመጣ ይገዛል። እኔም ሱቄን እዘጋለሁ።

"ታዲያ አባባ፣ ዕቃ እንዳይወደድባችሁ እኛ እየተራብን እንጠብቅላችሁ?" አለኝ።

ሱሪውን ሰጥቼ አሰናበትኩት።

ጥር 20

ተጨመረ። እየዘፈኑ በመንገዱ አለፉ። ጋጋሪዋ በሯ ላይ ቆማ ታጨበጭባለች።

"ደስ አይልም፣ ጋሼ?"

"እናያለን።"

"እርስዎ እኮ ፀሐይ ስትወጣም እናያለን ነው የሚሉት።"

ሱቁን ስዘጋ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለብኝ። ዳቦ ከገዙ... ላትሄድ ትችላለች? ተውኩት። ያልኩትን ብያለሁ።

ጥር 28

ማንም አልመጣም። ኮት የለ፣ ሱሪ የለ። አላልኩም?

የካቲት 2

ዛሬም ባዶ። ትክክል ነበርኩ። ትክክል መሆን ለካ እንዲህ ይበርዳል።

ከግድግዳው ማዶ ግን ጫጫታ አለ። ወጣሁ። ለማየት ብዬ አይደለም፣ በሬን ልጠርግ። የዳቦው ሰልፍ የእኔን በር አልፎ ሄዷል። ሁሉም "ከትኩሱ" ይላል። አንዲት የፋብሪካ ሴት ለሁለት ልጆቿ አንዳንድ ሙሉ ዳቦ ገዛች። ለሁለት የሚካፈሉትን አይደለም፤ ሙሉ። ልጆቹ እየተያዩ ገመጡ፣ ማን ቀድሞ እንደሚጨርስ።

በሬን ደጋግሜ ጠረግኩ። እንዲህ የጠራ ደጃፍ ኖሮኝ አያውቅም።

የካቲት 5

ምድጃ ገዢው መጥቶ ነበር። "እስከ ወሩ መጨረሻ ላስብበት" ብላ መለሰችው። ሰማሁ። ጆሮዬን አልለጠፍኩም፤ ግድግዳው ስስ ነው።

አሁን ነገሩ እንዲህ ሆነ። እኔ ትክክል ከሆንኩ ትሄዳለች። ከተሳሳትኩ ትቆያለች። እንዲህ መሳሳት ያማረኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

የካቲት 9

ሥራ ስለሌለ የስፌት መኪናዬን ዘይት ሳጠጣ ጋጋሪዋ ገባች። ሊጥ የምታቦካላት ልጅ ቀጥራለች። ለሁለቱም ሽርጥ እንድሰፋ አዲስ ጨርቅ ይዛ መጥታለች።

"ገንዘቡ ከየት መጣ?"

"ከጡብ" አለች።

ክር ፍለጋ ሄድኩ። ክር ሻጩ ክሬን ቋጥሮ ሰጠኝና "ልዝጋ፣ ዳቦው ሳያልቅብኝ" አለ። የሷ ዳቦ። መንገድ መሃል ቆሜ ቀረሁ። ጡብ ተሸካሚው ለጋጋሪዋ ሰጠ፣ ጋጋሪዋ ለእኔ፣ እኔ ለክር ሻጩ፣ ክር ሻጩ ተመልሶ ለጋጋሪዋ... ገንዘቡ ሰፈሩን እየዞረ ነው? በየበሩ እያንኳኳ? ባለሀብት ቢያገኘው ኖሮ ቆልፎበት ይተኛ ነበር። ድሃ እጅ ላይ ግን መቀመጥ አይችልም፣ እግር ያወጣል። ጋዜጣው ይሄን ለምን አልጻፈም? ወይስ ያ ገጽ ለሌላ ሰው ጨርቅ ተጠቅልሎበት ሄደ?

ክር በመጠኑ ተወዷል። እሱን ተናግሬ ነበር። ይታወቅልኝ።

የካቲት 14

ማማ መጣ። አሮጌ ኮት አልያዘም። ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ፣ ከነመጠቅለያው።

"የት ጠፍታችሁ ነበር?" አልኩት።

"መጀመሪያ ሆድ ነዋ፣ አባባ። ቀጥሎ የልጆች ጫማ። የልብስ ተራ ገና አሁን ደረሰ።" ታናሽ እህቱን ሊድር ነው። አዲስ ኮት ለብሶ አያውቅም።

"እኔ እገለብጣለሁ እንጂ አዲስ አልሰፋም።"

ጋጋሪዋ ሽርጧን ልትወስድ መጥታ በር ላይ ነበረች። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አለች። ለእኔ አይደለም፣ ለጣራው።

ጨርቁን ተቀበልኩ።

መቀስ አዲስ ጨርቅ ውስጥ ሲገባ የሚያሰማውን ድምፅ ረስቼው ነበር። ብቻዬን ሳቅኩ። በዚህ ዕድሜ። አፈርኩ... ከዚያ ደግሞ ሳቅኩ።

የካቲት 21

ጉድ ሠራሁ።

ማማ ሊለካ መጣ፣ ጋጋሪዋም ልታይ። ኮቱ ልክክ አለ። መስታወት ፊት ቆመ። ደረቱን ዳሰሰ።

"አባባ... ኪሱ።"

ኪሱ በቀኝ ነው። ቁልፉም በተቃራኒው። ስገለብጥ የኖረ እጄ አዲሱንም ገልብጦት አረፈ። ሰውየው በዕድሜው አንድ አዲስ ኮት አሰፋ፣ ሠርግ ላይ የሚያየው ሁሉ ግልባጭ ነው ሊለው።

"ዘንድሮ እንዲህ ነው የሚሰፋው" አልኩ። ምላሴ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።

ጋጋሪዋ ወንበሬ ላይ ዘጭ ብላ ሽርጧን አፏ ላይ ደፋች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። "ጋሼ፣ እጅዎም እንደ እርስዎ ግትር ነው ለካ።" ማማ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ አልቻለም። እኔም አልቻልኩም። ሦስታችን እንባችን እስኪወርድ።

"ተሳስቻለሁ" አልኩት። ከዚያ ጨርቅ ሻጩ ጋ ሄጄ ከራሴ ኪስ አዲስ ጨርቅ ገዛሁ። ለካ ተሳስቻለሁ ማለት ሰው አይገድልም። የተገለበጠውን ኮት አሳጥሬለት ክር ሻጩ ወሰደው፣ ደስ ብሎት።

የካቲት 24

ሠርግ። የማማ ኪስ በግራ። ሙሽሪትን ትቶ ኮቱን የሚያይ ነበር። ሰው "ሰፊው ማነው?" ባለ ቁጥር ጋጋሪዋ በጣቷ ትጠቁመኛለች፣ ሌባ እንደያዘ ሰው።

ተጨፈረ። የእኔን አልጽፍም። ያየ አይቷል።

የካቲት 30

ምድጃ ገዢው ተመለሰ። የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። ትንፋሼንም።

"አልሸጥም" አለችው። "እንዲያውም ሁለተኛ ካለህ አምጣልኝ።"

ከዚያ ወደ እኔ መጣች። እኔ የማላውቀው ሱሪ ላይ እሰፋ ነበር፣ ያለ ክር።

"ለሁለተኛው ምድጃ ቦታ የለኝም፣ ጋሼ። ይሄ ግድግዳ ባይኖር..."

"ከግድግዳው ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሬአለሁ።"

"እኔም ኖሬአለሁ። አንድ ቀን አላዋራኝም።"

እናያለን ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ማማን መዶሻ ይዞ ይምጣ በዪው" አልኩ።

መጋቢት 8

ግድግዳው የለም። አከራያችን ሳያንገራግር ፈቀደ፤ የሰፈሩ ሰው ኪራይ በቀኑ ስለሚከፍለው ሰሞኑን ፊቱ በርቷል። የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ግማሽ ዳቦ ማብረጃ ሆኗል። አላጉረመረምኩም ማለት አይደለም። አጉረመረምኩ። "ይበሉና ያጉረምርሙ" ብላ ቁራሽ ሰጠችኝ።

ከሰዓት አንድ ካኪ የለበሰ የፋብሪካ ወጣት ሊለካ መጣ። ሜትሬን ላነሳ ዞር ስል፦

"አባባ፣ ጀርባዎ ላይ የዱቄት እጅ አለ። አምስቱም ጣት ይታያል። ላራግፍልዎ?"

ከምድጃው በኩል ሳቅ ሰማሁ።

"ተወው" አልኩት። "ክንድህን ዘርጋ።"