ማሽኑ ምራቂ አያውቅም

ኅዳር 3፣ ሰኞ። ሱቅ ከመክፈቴ በፊት።
ልጄ ጀማል ሱቄን ከእጄ ነጠቀኝ። ባቲ ለቅሶ ደርሼ በሦስተኛው ቀን ብመለስ፣ ባንኮኒዬ ላይ የሽያጭ ማሽን ተተክሏል፤ አጠገቡ ቁጥር የሚያበራ ሚዛን። አልጠየቀኝም። አርባ ዓመት የሠራሁበት ሱቅ ነው። ላንተ እንኳ ልናገር፣ ደብተር።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ። 3 ሰዓት ተኩል።
ይጮኻል። ለአንድ ኪ. ጨው ይጮኻል። ወረቀት ይተፋል። ወረቀቱ 9 ሰዓት ተኩል ይላል። የፈረንጅ አቆጣጠር ነው አለኝ ጀማል። ሱቁስ የፈረንጅ ነው ወይ አልኩት። ሳቀ። ይሳቅ።

ያው ዕለት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ።
ሐሰት አልጽፍም። ሰው ሲግተለተል ወረፋው ቶሎ አለቀ። በዋጋ የሚከራከረኝ የለም፤ ወረቀቱን አይቶ ይሄዳል። ሳሙና ሊያልቅ መሆኑን ማሽኑ ከእኔ ቀድሞ አወቀ። እሱ ነው ያናደደኝ።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ።
ማሽኑ የገባውንና የወጣውን አይቶ፣ ይህን ያህል ስኳር ሊቀር ይገባል ይላል። ጀማል ጆንያውን መዘነ። አራት ኪ. የለም። በአራት ቀን። ደንበኛ ቆሞ እየሰማ ወ/ሮ ከድጃን አየና፣ “አባዬ፣ እዚህ ሱቅ እጁ የረዘመ ሰው አለ” አለ። ከድጃ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ አብራኝ ስትሸጥ አሥራ አንድ ዓመቷ። የሥራ ሽርጧን ፈታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። “ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?” አለችኝ።
ዝም አልኩ። ወጥታ ሄደች።

ኅዳር 7፣ ጁምዓ። ከሶላት መልስ። ሱቁ ዝግ ነው።
አንድ ነገር ሲከነክነኝ ዋለ። ትናንት ጠዋት አንዲት የጨፋ ሮቢት አሮጊት ስኳር ገዝታ አልሄድ አለች። “አባኮ፣ ይህ ማሽን አይመርቅም እንዴ?” አለችኝ፤ አባቴ ማለቷ ነው። እንደ ልማዴ አንድ ጭብጥ ጨመርኩላት። መረቀችኝና ሄደች።
ምራቂ! ማሽኑ ኪሎውን ይጽፋል፤ በላዩ የምጨምረውን ጭብጥ ማን ይነግረዋል? ለሁሉም ደንበኛ እመርቃለሁ። አራቱን ኪ. ያወጣው የእኔ እጅ ነው።
በአዲሱ ሚዛን ጭብጤን መዘንኩ። ለገበሬ እንደምሰጠው ጨበጥኩ፤ ስልሳ ግራም። ለመ/ቤት ሰው፤ ሃያ አምስት። ለዘመድ፤ ሰማንያ። ደጋግሜ መዘንኩ። ያው ነው። ሁሉን እኩል እመርቃለሁ ብዬ መስጊድ በር ላይ ሳይቀር ተናግሬያለሁ። ፊደል ከመጠቅለያ ጋዜጣ ለቅሜ ያነበብኩ ሰው፣ የገዛ እጄን ሳላነብ ኖሬያለሁ። ማሽኑ ልክ ነው። መረረኝ እንጂ ልክ ነው።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ።
ጀማልን አስከትዬ ከድጃ ቤት ሄድኩ። አልቀመጥም አልኩ። ሌባው እኔ ነኝ አልኳት፤ የምራቂውን ነገር አስረዳኋት። “ይህን ሐሙስ ነበር የሚናገሩት” አለችኝ። ጀማል እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዘችው። “ሰው ፊት ነው ያዋረድከኝ። ክብሬንም ሰው ፊት መልስ።”
እውነቷን ነው። ሦስታችን ሱቅ ተመልሰን፣ ገበያተኛ ሞልቶ ሳለ ጀማል ይቅርታ ጠየቃት። ቀጥዬ እኔ ተናገርኩ። አንዱ ባለ ባጃጅ፣ ሽማግሌው የገዛ ስኳራቸውን ሰረቁ አለ። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ከድጃም ሳቀች። ሽርጧን ታጠቀች።

ኅዳር 10፣ ሰኞ። ሱቅ ዘግቼ።
ጀማል ማሽኑ ላይ “ምራቂ” የሚል ቁልፍ አበጀ፤ ዋጋ የለውም፣ ግን ይቆጠራል። የጆንያውና የማሽኑ ልክ ገጠመ። ማንም ማንንም አይጠረጥርም። በእጄ መጨበጥ ተውኩ። ለገበሬም፣ ለሹምም፣ ለዘመድም አንድ ስኒ፣ አፉ ላይ ተልጎ የተስተካከለ። የእህቴ ባል አኩርፎ ሄዷል።
ጀማል ስለ ማሽኑ ይቅርታ ሊለኝ ጀመረ። አስቆምኩት። ሳይጠይቀኝ ማምጣቱ በደል ነው፤ ቢበጀኝም በደል ነው። ከድጃ ስትጠረጠር ዝም ማለቴ ደግሞ የእኔ ነው፤ ከሱ ይከፋል። ሁለቱንም ከዛሬ ወዲያ ለሰው አላነሳም። ላንተም አልጽፍም።