በወንድሜ ፊት ላይ ስለሚያልፈው ስልክ ቁጥር

ይድረስ ለክቡር የደንበኞች አቤቱታ ሰሚ ክፍል ኃላፊ፣
የሐበሻ ፊልም በዲስክ አድርጎ በኢንተርኔት ለዓለም ሁሉ ለሚሸጠው ድርጅት፣
ባሉበት ባሕር ማዶ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በየፊልሙ ላይ ቢጫ ጽሑፍ ሳይታክት ለሚያንከባልለው ማሽንዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔም በዚህ በጂዛን ቆላ፣ በየመን ድንበር አጠገብ፣ አል-ሙወሰም ከምትባለው ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የፍየል በረት ውስጥ፣ ከሙቀቱና ከማዶ ከሚተኮሰው በስተቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በገጽዎ ላይ በትሕትና ልጽፍልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እርስዎ ከገጽዎ ስላገዱኝ ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ለዚህ ውለታዎ አመሰግናለሁ፤ ባያግዱኝ ኖሮ ብቻዎን ያነቡት ነበር።

ቸኮል እባላለሁ። ወሎ ውስጥ በአንዲት ወረዳ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ በጃንጥላ ሥር ተቀምጬ፣ ስምንት ዓመት የሰው አቤቱታ ስጽፍ ኖሬአለሁ። የድንበር ክስ፣ የቀለብ ክስ፣ የተሰረቀ በሬ ክስ፣ ሁሉንም ጽፌአለሁ። የራሴን አቤቱታ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ቃሌ ከረር ብሎ ቢያገኙት ከልምድ ማነስ ይቁጠሩልኝ።

ጉዳዩ፦ ከድርጅትዎ ስለገዛነው የፊልም ዲስክና በዲስኩ ውስጥ ስላለው ወንድሜ።

ወንድሜ ዘገየ ይባላል። ከእኔ በስድስት ዓመት ዘግይቶ ስለተወለደ አባታችን ያወጣለት ስም ነው። አብረን በባሕር ተሻግረን፣ በየመን በኩል አድርገን፣ ያለ ወረቀት እዚህ ገባን። እኔ ፍየል እጠብቃለሁ፤ እሱ ደግሞ ወደ ድንበሩ ከተማ ወደ ጡዋል በሚወስደው መንገድ ላይ ከጭነት መኪና ዕቃ ያራግፍ ነበር። በጥር ወር 2010 ዓ.ም. በአፈሳ ተያዘ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም።

እርስዎ ባሕር ማዶ ስለሚኖሩ ላያውቁት ይችላሉና ላስረዳዎት። እዚህ የታሰረ ሰው በስሙ ተፈልጎ አይገኝም። ሁላችንም ስንያዝ የራሳችንን ስም አንሰጥም፤ አንዱ ቀድሞ ተባርሮ የተመለሰ ስለሆነ፣ ሌላው ስለፈራ፣ ሌላው ጓደኛው እንዲያ ስላለው ብቻ፣ አፉ ላይ የመጣለትን ስም ያስመዘግባል። ስለዚህ በየእስር ቤቱ ብጠይቅ ዘገየ በቀለ የሚባል ሰው በዚህ ምድር ላይ ኖሮ አያውቅም። የሚፈለገው በፊቱ ነው።

በሐምሌ ወር ሪድዋን የሚባል የአገራችን ልጅ ከእስር ተፈታ። የመኖሪያ ፈቃዱ አልፎበት ታስሮ የነበረ ሲሆን፣ ሲፈታ በስልሳ ቀን ውስጥ ከዚህ አገር እንዲወጣ ወረቀት ሰጡት። ሪድዋን እንደነገረኝ፣ እሱ በነበረበት አዳራሽ ውስጥ በጥር የገቡ ሁለት የወሎ ልጆች ነበሩ። አንዱ ሳሊህ ነኝ ይላል፣ ሌላው ጀማል ነኝ ይላል፤ የሁለቱም እውነተኛ ስማቸው እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ሳሊህ የተባለው በደህና ወደ ሌላ እስር ቤት ተዛወረ። ጀማል የተባለው ታመመ፤ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በብርድ ልብስ ተሸክመው አወጡት፣ አልተመለሰም። የወንድሜን ቁመት ነገርኩት፤ ሁለቱም እንደዚያው ናቸው አለኝ። ፍንጭት ነው አልኩት፤ ሪድዋን በዚያ አዳራሽ የሚስቅ ሰው ስላልነበረ የማንንም ጥርስ አላየሁም አለኝ። ፎቶ ካለህ አምጣ፣ ባየሁት ቅጽበት እነግርሃለሁ አለ።

ፎቶ ግን የለንም ክቡር ሆይ። ስልካችንን የመን ላይ ደላሎች ከነፎቶው ወስደውታል። እዚህ ከገባን በኋላም ፖሊስ ስልክ ከፍቶ ያያል ብለን አንነሣም። እናታችን ዘንድ ያለው ዘገየ ስምንተኛ ክፍል ሲፈተን የተነሣው ነው፤ ያን ጊዜ ጺም እንኳ አልነበረውም። ወንድሜ ሰው ከሆነ በኋላ ፊቱ ያለበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ፊልም ሠሪዎች ወደ ከተማችን ገበያ መጥተው፣ በአንድ ለስላሳና በአንድ ዳቦ ሰው ሰብስበው ሲቀርጹ፣ ዘገየ ጆንያ ተሸክሞ እንዲያልፍ ተደረገ። እኔንም ጠርተውኝ ነበር፤ የተከበርኩ አቤቱታ ጸሐፊ ነኝ ብዬ ኮራሁ። የፊልሙን ስም አልጠራም፤ ማስታወቂያ ይሆንልዎታል። ባለመብቱ ግን እርስዎ ነዎት፤ በገጽዎም ላይ «በዲስክ ብቻ፣ በኢንተርኔት አይለቀቅም» ተብሎ ተጽፎ ነበር።

እንግዲህ እኛ ያዘዝነው አራት ሴኮንድ የምትሆን የአንድ ሰው ፊት ነው። የቀረውን አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ፣ ፍቅሩንም ልቅሶውንም፣ በነጻ ልመልስልዎ ዝግጁ ነበርኩ። በዚህ ግዥ ከክቡር ድርጅትዎ ያገኘነውን መስተንግዶ በቅደም ተከተል እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፦ መርየም የምትባል፣ ጂዛን ከተማ በሰው ቤት የምትሠራና ወረቀት ያላት እኅታችን፣ ማዳሟን ለምና በማዳሟ ካርድ አዘዘችልን። እርስዎም «አካባቢው የጦርነት ቀጣና ስለሆነ ወደ ጂዛን አንልክም» አሉ። ስለ ደህንነታችን ስለተጨነቁ እናመሰግናለን። ከድንበር ማዶ የሚተኮሰው ሮኬት አድራሻ ሳይጠይቅ ያገኘናል፤ የጠፋንብዎ ለእርስዎ ጥቅል ብቻ ነው። ዲስኩ በማዳሟ እኅት ስም ጅዳ ገብቶ፣ ከጅዳ በሻንጣ ተይዞ መጣ። ከሪድዋን ስልሳ ቀን ውስጥ ሃያ አራቱ በዚህ አለቁ።

ሁለተኛ፦ የበረቱ ባለቤት፣ ሙዲር የምንለው፣ ልጆቹ የተውትን ዲስክ ማጫወቻ ከነቴሌቪዥኑ ሰጥቶን ስለነበር፣ መርየምም ሪድዋንም ባሉበት ዲስኩን ከተትነው። ማሽኑ ክልሉ የተሳሳተ ነው የሚል ጽሑፍ አሳይቶ ተፋው። የላኩልን ለሌላ አህጉር የተሠራውን ነው። ብንጽፍልዎ ጥፋቱ የማሽናችን መሆኑን ገለጹልን። እውነትዎን ነው፤ የተሳሳተ ክልል ገባችሁ ተብሎ መተፋት እዚህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፦ በድጋሚ ያዘዝነው ሁለተኛው ዲስክ በአምሳ ሁለተኛው ቀን ደረሰ። ይኼኛው ተጫወተ። ሰባት ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን አርባ አንደኛውን ደቂቃ ጠበቅን። ገበያው መጣ፣ ዘገየም ከነጆንያው መጣ፣ በአካሄዱ አወቅሁት። ከዚያ ጆንያውን ሊያወርድ ጎንበስ ሲል ፊቱ ወደ እኛ ዞረ። በዚያችው ቅጽበት፣ በቀይ መደብ ላይ በቢጫ ቀለም የተጻፈው የድርጅትዎ ስልክ ቁጥር ከቀኝ ወደ ግራ ይንከባለል ጀመር። በግንባሩ ገብቶ፣ በዓይኖቹ ላይ አልፎ፣ በአፍንጫው ላይ ተዘረጋ። ቀና ሲል ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። ብናቆመው፣ ወደ ኋላ ብንመልሰው፣ ሴኮንድ በሴኮንድ ብናየው፣ ቁጥርዎ ወንድሜን አንዴም አልለቀቀውም።

ሪድዋን ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ ብዙ አየ። ከዚያ የተናገረውን ቃል በቃል እነሆ፤ «ወላሂ ወንድሜ፣ ጸጉሩን አየሁት፣ አገጩን አየሁት፣ መሐሉ ቁጥር ነው። በዚህ አይቼ ሰው ሞተ ብዬ አልናገርም፣ ሐራም ነው። ቁጥሩን አንሱልኝና ፊቱን ልየው፣ ኸላስ፣ ያኔ እምላለሁ።»

አራተኛ፦ በዚያው ቀን ያለንበትን ሁኔታ ሁሉ ዘርዝሬ፣ ስምንት ዓመት የሠራሁበትን ሙያ ሁሉ አፍስሼ፣ ያችን አራት ሴኮንድ ብቻ፣ ካልሆነም አንዲት ፎቶ፣ ያለ ቁጥር እንዲልኩልኝ ለመንኩዎት። በሁለተኛው ቀን መለሱልኝ፤ ለፍጥነትዎ ምስጋና ይድረስዎ። መልስዎም «ያለ ምልክት ኮፒ የሚጠይቅ ሰው ደንበኛ ሳይሆን የፊልም ሌባ ነው፤ ታሪክ ፈጥሮ የሚመጣው በዝቷል» የሚል ነበር። ወዲያው አገዱኝ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬን ለጥቂት መስመር ላስቀምጠው። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም። አስፈሪውን ባሕር ስሻገር፣ ደላላ ሲገርፈኝ እንኳ እንዲያ አልሆንኩም፤ ያ ደላላ የሚገርፈኝ ስሜን ጠይቆ፣ ፊቴን እያየ ነበር። እርስዎ ከሩቅ ተቀምጠው አንድ ሰው ስለ ወንድሙ ሞትና ሕይወት የጻፈውን አንብበው፣ ሰርቆ ሊሸጥብኝ ነው አሉ። እንዲህ ለማሰብ ስንት ዓመት ይፈጃል?

አምስተኛ፦ ቁጥርዎን በቃሌ ስለያዝኩት ደወልኩ። አዲስ ፊልም ለማዘዝ አንድን፣ አከፋፋይ ለመሆን ሁለትን ይጫኑ የምትል ድምፀ መልካም ሴት አነጋገረችኝ። ለጠፋ ወንድም የሚጫኑት ቁጥር አልነበረም። አንድን ተጫንኩ፤ የድርጅትዎን ዘፈን እያሰማች አቆየችኝና ዘጋችው።

በስልሳኛው ቀን ሪድዋን በአውሮፕላን አገሩ ገባ። ፎቶ ከተገኘ በስልክ ልካችሁ አሳዩኝ ብሎ ቁጥር ትቶልን ነበር። አገሩ ገብቶ ሦስት ወር እንኳ አልቆየም፤ ወደ ባሕሩ ዳር ወደ ኦቦክ ወርዶ እንደገና በባሕር ተነሣ አሉን። ስልኩ ከዚያ ወዲህ ዝግ ነው። አሁን የት እንዳለ ዘመዶቹም አያውቁም።

ስድስተኛ፦ ባለፈው የካቲት፣ ዲስኩ መሸጥ ሲያቆም ይመስለኛል፣ በዲስክ ብቻ ያሉትን ፊልም በኢንተርኔት ለሰው ሁሉ በነጻ ለቀቁት። ቁጥር የለበትም። ቢጫውም ቀዩም ተነሥቷል። መርየም በስልኳ ስታሳየኝ፣ አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ወንድሜ ጆንያውን አውርዶ ቀና ከማለቱ በፊት ያየኛል። ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር ትታያለች። እስከ ዛሬ ሠላሳ ሺህ ሰው እንዳየው ተጽፎበታል። ከሠላሳ ሺው አንዱ ሪድዋን እንዲሆን የምንለምነው እንግዲህ እግዚአብሔርን ነው፤ እርስዎን ለምነን ጨርሰናል።

ይህ ሁሉ ለምን ያስጮኸዋል ይሉ ይሆናል። በአገራችን ሰው ሲሞት መርዶ ይነገራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሰው አልቅሶ ይወጣለታል። እናታችን ወይዘሮ የሺ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ትልበስ ወይስ አትልበስ የሚነግራት አላገኘችም። የዕድሯ ሰዎች እየመጡ እንቀመጥ ወይ ይሏታል፤ ቸኮል ሳይነግረኝ አልቀመጥም ትላለች። እኔም የምነግራት የሪድዋንን አንድ ቃል ነበር። የሪድዋን ቃል ደግሞ አራት ሴኮንድ ንጹሕ ፊት ብቻ ይፈልግ ነበር።

በዚህ መሠረት ካሣ አልጠይቅም፤ ዲስኩንም አልመልስም። ድርጅትዎ ከዚህ የበለጠ እንዲስፋፋ፣ ስልክ ቁጥርዎ በየአገሩ እንዲታወቅ፣ አንድ ቀንም የሚወዱት ሰው ፊት ጠፍቶብዎ ሲፈልጉ፣ ቁጥር ሳይሆን ፊት እንዲያገኙ ከልብ እመኝልዎታለሁ። ምኞቴ ቅን ነው፤ በእኔ የደረሰው በጠላቴም እንዲደርስ አልሻም፣ በእርስዎም ጭምር።

ከጉልበቴ ዝቅ ብዬ፣ ከፍየሎቼ ጋር እጅ እየነሣሁ፣ የክቡርነትዎ ታዛዥና በክቡርነትዎ አጠራር የፊልም ሌባ፣

ቸኮል በቀለ
የቀድሞ አቤቱታ ጸሐፊ
አል-ሙወሰም፣ መጋቢት 2011 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ከስድስት ዓመት በፊት የተቀረጸውን ፊልም በነጻ ሲለቁት «የዘንድሮ አዲስ ፊልም፣ 2011» ብለው ጽፈውበታል። አንዲት የጎረቤት ልጅ በስልኳ ከፍታ ለእናታችን አሳየቻት። እናታችን ዓመተ ምሕረቱን አስነብባ፣ ልጄ አገሩ ገብቷል፣ ፊቱም ሞልቷል ብላ የዕድሩን ሰዎች አመስግና አሰናበተች። አሁን በየገበያው ቀን ጆንያውን ባወረደበት ቦታ ሄዳ ትቆማለች። ዓመቱን እንዲያርሙት ልጽፍልዎ ጀምሬ ነበር፤ በምትኩ የምነግራት እውነት ስለሌለኝ ሰረዝኩት። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ውሸትዎን እንዳያርሙት የሚለምንዎ ደንበኛ አደረጉኝ።