«ድፍረት አይሁንብኝና» እየተባለ ስለሚከፈተው በር

ለክብርት ወይዘሮ ሂሳኖ ኦኑማ፣
የፍል ውሃው ሸለቆ አንጋፋ የእንግዳ ማረፊያ እመቤት

ክብርት ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ በገባ በወጣው ሁሉ ፊት ወለል ድረስ የሚንበረከከው ያ የማይታክት ጉልበትዎስ እንደምን ከረመ? እኛ፣ ዕድሜ ለእርስዎ፣ ከእረፍታችን መልስ እያረፍን እንገኛለን። ሰሞኑን የአውራጃው ምርጥ አስተናጋጅ ተብለው መሸለምዎን ያነበብኩት በጋዜጣ ስለሆነ፣ ደስታዬንም በጋዜጣ መግለጽ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ምናልባት ከእንግዶችዎ ብዛት ረስተውን ይሆናል። ባለፈው መኸር፣ ቅጠሉ ቀልቶ ሊረግፍ ሲል፣ ከባለቤቴ ከሹንሳኩ ጋር እርስዎ ዘንድ አርፈን ነበር። ባለቤቴ የባቡር ነጂ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ይውላል፤ ለእኔ የሚናገረው «እራት»፣ «ገላዬን ልታጠብ» እና «ልተኛ» ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ሩዙን እየጨለፍኩ «ኒጋታ ሄጄ ከእህቴ ጋር ልኖር አስቤያለሁ» አልኩት። ሳህኑን ጨርሶ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። በሳምንቱ ግን፣ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን፣ እርስዎ ዘንድ ክፍል ይዞ መጣና «እዚያ ጸጥ ያለ ነው፣ እንነጋገራለን» አለኝ። አምነንዎት መጣን።

ከዚህ በታች ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ አቀባበሉ። ገና እግራችንን አጥፈን እንደተቀመጥን ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠራረገና «ስሚ ሚትሱዮ፣ እኔ...» አለ። በዚህች ቅጽበት «ድፍረት አይሁንብኝና!» የሚል ጣፋጭ ድምፅ ተሰማ፤ በሩ ተንሸራተተና አስተናጋጃችን ወይዘሮ ኪኑኤ በጉልበቷ ተንበርክካ ገባች። ሻይ አመጣች። ወጥታ ተመልሳ ብስኩት አመጣች። ሦስተኛ ተመልሳ የምንወደው የእህል ገለባ ትራስ ይሁን የላባ ጠየቀችን። ባለቤቴ «ላባ» አለ፤ የጀመረው ዓረፍተ ነገር በዚሁ አለቀ።

ሁለተኛ፦ ስለ እራቱ። እያንዳንዱ ሳህን ለብቻው፣ ከነታሪኩ መቅረቡን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። እንጉዳዩ ከየትኛው ተዳፋት እንደተለቀመ፣ ሸክላውን የሠራው ሽማግሌ ማን እንደሆነ አሁን በቃሌ አውቃለሁ። ባለቤቴ «አንቺ ከሄድሽ እኮ...» ሲል «ድፍረት አይሁንብኝና! ዓሣው ደርሷል፣ ጠዋት ወንዙ ውስጥ ሲዋኝ የነበረ ነው!» ተባልን። ባለቤቴ ዓሣውን አየው፣ ዓሣውም ባለቤቴን አየው፤ ሁለቱም አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

ሦስተኛ፦ ስለ ፍል ውሃው። የወንዱንና የሴቱን መታጠቢያ የሚለየው የቀርከሃ አጥር ቁመቱ ያኮራል። ያ ምስኪን ባለቤቴ የቀረው አማራጭ በአጥሩ ላይ አሻግሮ መነጋገር ብቻ ሆኖ ስለታየው ከማዶ «ሚትሱዮ! አለሽ?» ብሎ ተጣራ። እኔ አቤት ከማለቴ በፊት አጠገቤ የተነከሩ አንዲት አሮጊት «አለች፣ አለች! እየታጠበች ነው፤ ምን ልበልልህ ልጄ?» አሉት። ሴቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከማዶ አንድ ሰው ውሃውን እያንቦጫረቀ ሲወጣ ተሰማ።

አራተኛው ይረዝማል፣ ይታገሡኝ። ከፍል ውሃው ስንመለስ ኪኑኤ ፍራሾቹን እያነጠፈች ነበር፤ እስክትጨርስ እንደ ተቀጣ ተማሪ ግድግዳ ተጠግተን ቆምን። እንደወጣች ባለቤቴ በሩን ዘጋና ጀርባውን ሰጥቶት ቁጭ አለ። ወዲያው ከውጭ «ድፍረት አይሁን...» ሲባል፣ አብሬው ኖሬ ኖሬ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው የማላውቀው ሰው «ዛሬስ ይሁንብሽ! ቆዪ አንዴ!» ብሎ ጮኸ። ኪኑኤ ከውጭ፣ እሱ ከውስጥ በሩን እንደያዙ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ እንዲህ አለኝ፦ «አትሂጂ። ቤት ውስጥ ዝም የምለው አንቺ ስላለሽ ነው። አንቺ ከሌለሽ ማን ፊት ነው ዝም የምለው?»

እውነቱን ልንገርዎትና እንባዬ መጣ። ንዴቴም አብሮ መጣ። መልስ ነበረኝ፣ ከሠርጋችን ጀምሮ የተጠራቀመ መልስ፤ አፌንም ከፍቼ ነበር። ነገር ግን ከበሩ ውጭ የኪኑኤ ሲቃ፣ ቀጥሎም በኮሪደሩ የሚሮጥ እግር ተሰማ፤ ብዙም ሳይቆይ እርስዎ ራስዎ የሳኬ ጠርሙስና ጽዋ ይዘው «እንኳን ደስ አላችሁ!» እያሉ ገቡ። በማግስቱ ቁርስ ላይ፣ በአደንጓሬ የቀላውን ሩዝ፣ ያንን ለሠርግና ለልደት የምንቀቅለውን፣ በምግብ አዳራሹ መካከል አቀረቡልን። እንግዳው ሁሉ ተነስቶ እጅ ነሳን። ከኦካያማ የመጡ ሙሽሮች አብረውን ፎቶ ተነሱ፤ «እንደ እናንተ ያድርገን» ብለው።

ስለዚህ ክብርት ሆይ፣ ባሌ እኔን ለመነ፣ እርስዎ እሺ አሉ። የእንግዳዎን ፍላጎት ሳይናገር በፊት ያውቃሉ እየተባለ የሚወራልዎት እውነት ነው፤ እኔ እንኳ ገና ያላወቅሁትን አውቀውልኛል። ከቀይ ሩዝ በኋላ ኒጋታ የሚኬደው በየትኛው ፊት እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።

ሐቁን ላለመደበቅ፣ ቤታችን በራችንን የሚያንሸራትት ኪኑኤ የለም፤ ባለቤቴም ቤታችን ይህን ብሎኝ አያውቅም። የሚገፋው ባይኖር በሩን ይዞ አይለምነኝም ነበር። ይህን ጥርሴን ነክሼም ቢሆን አምንልዎታለሁ።

ግንባሬ ወለሉን እስኪነካ ዝቅ ብዬ፣ ሽልማትዎ በሽልማት ላይ እንዲደረብ፣ በሮችዎም በቅባት ብዛት ከዚህ ይበልጥ እንዲንሸራተቱ እየተመኘሁ፣ መልሷን በተከበረው እጅዎ የተነጠቀችው ታዛዥዎ፣

ሚትሱዮ ኩራሃሺ

ማስታወሻ፦ ለቼሪ አበባው ወራት ተመልሰን እንድንመጣ የላኩልን ግብዣ ደርሶናል። ለሁለት ሰው ክፍል ይዘናል፤ ከወንዙ ማዶ፣ ከእርስዎ ትይዩ ባለው ሆቴል። ቁልፍ የሚሰጠው ማሽን ነው፣ እራት የሚሸጠውም ማሽን ነው፣ ደህና አመሻችሁ የሚል ፍጡር የለም፤ በሩ ብረት ሆኖ ከውስጥ ይቆለፋል። መልሴ ረዘም ስለሚል የያዝነው ለሦስት ሌሊት ነው። እባክዎ ሩዝ እንዳይልኩ።