ማክሰኞ የሚያርፈው ጭስ

ለወንድምዓለም አይክዌይ፣

ሰላምታዬ ከባሕሩ ነፋስ ቀድሞ ይድረስህ። እንዴት ከረምክ? ሜሙናና መንትዮቹ ልጆቻችሁስ ደህና ናቸው? ጉልበትህን ተሻለህ? ታማሌ ዝናብ ጣለላችሁ? እኛ ከእማዬ ሳል በቀር ደህና ነን።

የምጽፍልህም ስለዚያው ሳል ነው። በጭስ ዓሣ የምታደርቅባቸውን ምድጃዎቿን ከመኝታ ቤቱ ደጃፍ አንስታ ባሕር ዳር እንድትወስድ ስንቴ እንደለመንናት ታውቃለህ። ኅዳር ላይ ታዲያ የከተማውን አየር በየሰፈሩ የሚለካ ላርዬ የሚባል ልጅ መጣና ብናኝ የሚለካ ሳጥን በሳምንት አንድ ቀን ግድግዳችን ላይ ልስቀል አለ። እማዬም “ይስቀል! ሳጥኑ ጭስሽ ክፉ ነው ካለኝ አነሳቸዋለሁ” ብላ ቃል ገባች።

ልጁን “ማክሰኞ ማክሰኞ ና፤ ሥራ ስለሌለን በወጉ እናስተናግድሃለን” አለችው። እሱም እየመጣ፣ የበቆሎ ኬንኬውን በዓሣ እያጣጣመ ለካ። ውጤቱ ሲመጣ ግቢያችን አጥራቸው አበባ ከሆነ ሰፈሮች እኩል ንጹሕ ሆኖ አረፈው! የእማዬን ጉራ ብታይ! ያልነገረችው ጎረቤት የለም።

ለእኔ ግን አልዋጥልሽ አለኝ። ላርዬን “ለመሆኑ ማክሰኞ ባሕር የሚወርድ ሰው አለ?” ብዬ ስጠይቀው ራሱን ይዞ ሳቀ። “ማጥመድ ነውር በሆነበት፣ ባሕሩ በሚያርፍበት ቀን! እኔም የዓሣ አጥማጅ ልጅ ሆኜ!” አለ። ዓሣ ሳይወጣ ምን ጭስ አለ?

ጥር ላይ ሐሙስ ቀን ለካ፤ ቁጥሩ ጣራ ነካ። እማዬ ትረታለች? ሃርማታን በናንተ በኩል የሰሜኑን በረሃ አቧራ ይዞ ነፍሶ የከተማው ሁሉ ቁጥር ወጥቶ ስለነበር፣ “ይሄ ከአይክዌይ አገር የመጣ አቧራ ነው! ልጄ ያራገፈውን በኔ ዓሣ ታመካኛላችሁ?” አለችን። ክርክሯም እውነት ነበረው፤ አቧራውን ከጭሱ ማን ይለየዋል?

ስለዚህ ክረምቱን ጠበቅን። ሰኔ ላይ ዝናቡ ከተማውን ሲያጥበው የሌላው ሰፈር ቁጥር ወረደ። የኛም ማክሰኞ ማክሰኞ ወረደ፤ ሐሙስ ሐሙስ ግን እንደተሰቀለ ቀረ። ላርዬ ሁለቱን በወረቀት ላይ አስምሮ አሳያት። ከዚያ ልጄን ኮርኮይን አየት አድርጋ “ይህቺም እዚያው ክፍል ነው የምትተኛው” አለች።

ትናንት ምድጃዎቹን በገዛ እጇ አፈረሰቻቸው። አዲሱን ባሕር ዳር እንሥራልሽ ብንላት ግን እምቢ፤ “አይክዌይ ጭቃውን ካላቦካ፣ ጎረቤት በሠራው ምድጃ ላይ ዓሣ አልዘረጋም” አለች። ነሐሴ ዓሣው ሳይበዛ ድረስልን። ሥራ ፈታ ስትቀመጥ እማዬን ታውቃታለህ፤ ከአሁኑ የእኔን ወጥ ማማሰል ጀምራለች።

ሜሙናን ሳምልኝ፤ መንትዮቹን ጉንጫቸውን፣ አማትህን እጃቸውን። እማዬ፣ ባሌ ኦዳርቴይና ኮርኮይ ሰላም ይሉሃል።

እህትህ አዶሌ
ቾርኮር፣ አክራ
እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 2019